ሦስተኛው ገጽ

አጥፊልኝ ኤይልሳ፣ ይህን የታጠበ፣
ጉድፉ ተለቅሞ፣ ሳሉ የተሰለበ፤
ዕቃ መስሎ መጣ ከሱቅ ተጠቅልሎ፣
ልብሱ ተተኩሶ፣ ሰውየው ግን ተጥሎ።

ያንን ድርብ ሸክላ አምጪልኝ ከሣጥን፣
ጠርዙ የተላጠ፣ ቢራ የጠጣውን።
ሦስተኛው ገጽ ይሁን፤ መርፌዋን አኑሪ፣
ድምፁን ወደ ላይ ነው፤ ጎረቤት አትፍሪ።
እኔማ መስሚያዬን አውልቄ ጥያለሁ፣
በመዳፌ ከእንጨቱ እቀበለዋለሁ።
ክላይድ ወንዝ ዳር ሆኜ ላሜራ ስቀጠቅጥ፣
ጆሮዬን በደሞዝ በየወሩ ስሸጥ፣
ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ተሰናብቶኝ ሄደ፤
የቀረኝ ወፍራሙ፣ አጥንት የለመደ።
ይኸው ቤዙ መጣ፣ በአውራ ጣቴ ገባ፤
ክንዴን ወጥቶ ወጥቶ ጥርሴ ላይ አደባ።

የካቲት ነበረ። ውጭው ወጨፎ ነው፤
ከሎክሃርት አዳራሽ የተሰለፍነው
እኔና ሙርዶ ነን፣ በሥራ ልብሳችን፣
የብየዳ ጭሱ ሳይለቅ ከጠጉራችን።
አራት ልጆች ወጡ፤ አንድ ቃልም ሳይሉ
እንደ ግድብ ውሃ ለቀቁት በሙሉ።
ሰገነቱ ከሥር እንደ ጀልባ ዋለለ፤
ሙርዶ ብረቱን አይቶ «ማን በየደው?» አለ፤
ሳልመልስለትም ዘለለ፣ ዘለለ።

እዚህ ጋ ስሚ አሁን። ዱጋልድ ጊታሩን
ሲገርፈው፣ ሲያባብል፣ ሲያወጣው ምስጢሩን፣
ጧ!
ክሩ ተበጠሰ።

ሌላ ቢሆን ኖሮ መጋረጃው ይወርዳል፣
ይቅርታ ይባላል፣ መብራቱ ይጠፋል።
ከበሮ መቺው ግን፣ ኒኒያን፣ ምን ሆነ?
የጓዱን ገበና በዱላ ሸፈነ፤
አርባ ሁለት ሰከንድ፣ ቆጥሬዋለሁኝ፣
ሥራ ፈት ብትይኝ እቀበላለሁኝ።
አዲሱ ክር ገባ፣ ቅኝት ያልደረሰው፣
ግድግዳ ተደግፎ ቤቱን እንደሚፈልግ ሰው።

በታጠበው ላይ ግን ምንም አልሆነም፤
ክሩ አልተበጠሰም፣
ማንም አልዳነም።

ዘፋኙ አዝማቹ ላይ ድምፁ ከዳውና፣
አፉን እንደከፈተ ዝም አለ ቆመና፤
ሦስት ሺህ ሰው ደርሶ፣ ብብቱን ደግፎ፣
ቤቱ አስገባው ዘፈኑን፣ እንደ ሰው አቅፎ።

እዚህ ጋ፣ ጭብጨባው ሊበርድ ሲል ገና፣
አንድ ሰው ይጮሃል፣ «ቀጥሉ እንጂ!» ይልና።
ሙርዶ «እኔ ነኝ» ሲል፣ ኖሮ ኖሮ ሞተ።
በጎቫን መጠጥ ቤት ስንቱ ተሟገተ፤
ሰባት ሰው አውቃለሁ፣ ድምፁ የኔ ነው ያለ፣
አንዱ በእናቱ ስም ቆሞ የማለ፣
አንዱማ ያን ምሽት እስር ቤት የዋለ።

ሙርዶን የቀበርን ዕለት ልጁ ሞራግ
እጅጌዬን ይዛ ጠየቀችኝ፦
«እውነት የአባቴ ነው?»
እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እኔም ስጮህ ነበር።
በራሱ ጩኸት የሰከረ ሰው
የጎኑን ሰው ድምፅ በምን ይለየዋል?
ነው፣ አልኳት።
አሁንም ቢሆን ነው እላለሁ።

ሸክላ ነው፣ ይጫራል። ሰውም ሸክላ አይደል፣
ካልተጫረ በቀር ድምፅ ከየት ይገኛል?

አለቀ መሰለኝ፤ መዳፌ ዝም አለ።
አራተኛው ገጽ ላይ ምንም ስህተት የለም፤
ቢሆንም ገልብጪው፣ መኝታ አልደረሰም።

ቆይ... ሌላ ነገር ይመታል፣
በግድግዳው በኩል፣ መዳፌ ላይ መጣ።
ጎረቤት ነው? በቡጢ ነው?
ተይው ልጄ፣ ይምታ።
ምቱን አልሳተም።